«ረጅሙ ሌሊት» እና ጥቁርን ማሳየት የሚቸግራቸው ስክሪኖች

ሚያዝያ 20 ቀን 2011 ዓ.ም. የትንሣኤ ዕለት ነበር። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ፆሙን ፈትተው በተቀመጡበት በዚያ ምሽት የኤችቢኦ ጣቢያ የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ተከታታይ ድራማን የመጨረሻ ምዕራፍ ሦስተኛ ክፍል አስተላለፈ። ርእሱ «ረጅሙ ሌሊት» ይባላል፤ 82 ደቂቃ ይፈጃል፤ ለውጊያው ቀረጻ ብቻ በሰሜን አየርላንድ ብርድ 55 ሌሊት ታድሮበታል። ሥርጭቱ ገና ሳያልቅ ከዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት ቅሬታ ጎረፈ፤ ስክሪኑ ጨልሟል፣ ምንም አይታይም። የክፍሉ የካሜራ ባለሙያ ፋቢያን ዋግነር በበኩሉ ጨለማው ሆን ተብሎ የተመረጠ መሆኑን ገልጾ፣ የችግሩ ትልቁ ድርሻ ሰዎች ቴሌቪዥናቸውን በአግባቡ ማስተካከል አለማወቃቸው ነው አለ።

ክርክሩ ያኔ ብዙ አነጋገረ፤ ከዚያ ተረሳ። እኔ ግን ይህን ክፍል በተለያዩ ስክሪኖች ላይ ባየሁት ቁጥር አንድ ነገር ይበልጥ እየጠራልኝ መጥቷል። ሥራውን ከስክሪኑ ለይቶ መገምገም አይቻልም፤ በትንሽ ገንዘብ ቴሌቪዥን ሊገዛ ላሰበ ሰው ደግሞ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላውቅም።

መጀመሪያ ሥራው። የሕያዋን ጦር ከዊንተርፌል ምሽግ ቅጥር ውጭ ተሰልፎ ከሞት ተነሥተው የሚዘምቱ ሙታንን ይጠብቃል። ከፊቱ ጥቁር ሜዳ እንጂ ሌላ የለም። ቀይዋ ቄስ ሜሊሳንድሬ በፈረስ ደርሳ የዶትራኪ ፈረሰኞችን ጎራዴ በጸሎቷ ታቀጣጥላለች። እሳቱ ከጎራዴ ወደ ጎራዴ ይዛመትና ሜዳው በትንንሽ ነበልባሎች ይሞላል። ፈረሰኞቹ ይጋልባሉ። ዳይሬክተሩ ሚጌል ሳፖችኒክ ካሜራውን ወደኋላ ከቀሩት ጋር ስላቆመው እኛም እንደ እነሱ ከሩቅ እናያለን። ነበልባሎቹ እየራቁ እየደቀቁ ይሄዳሉ። ከዚያ ይጠፉ ጀመር፤ መጀመሪያ እዚህም እዚያም፣ ቀጥሎ በብዛት፣ በመጨረሻ ሁሉም። ጩኸቱም አብሮ ይሰማና ጸጥ ይላል። ሰዎቹ ሲወድቁ በግልጽ አላየንም፤ ያ ሁሉ ሠራዊት ማለቁን ግን አውቀናል። ፍርሃትን በዚህ ያህል ቁጠባ የነገረ የቴሌቪዥን ትዕይንት ጥቂት ነው።

ይህ ትዕይንት የቆመው በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ ጨለማው ጨለማ መሆን አለበት። ነበልባሉ ሲጠፋ የሚውጠው ጥቁር ከሌለ ትዕይንቱ ትርጉም ያጣል። በየቤቱ ያሉት ስክሪኖች የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው።

በገበያ «ኤልኢዲ ቲቪ» እየተባለ የሚሸጠው በውስጡ ኤልሲዲ ነው። ኤልኢዲው ከጀርባ የሚበራው መብራት ነው፤ ምስሉን የሚሠራው ከፊቱ ያለው የፈሳሽ ክሪስታል ንጣፍ ነው። ክሪስታሉ እንደ መስኮት መዝጊያ ብርሃኑን ያሳልፋል ወይም ይከለክላል፤ ግጥም አድርጎ ግን አይዘጋም። ምን ያህል ብርሃን እንደሚያፈተልክ የሚወስነው የፓኔሉ ዓይነት ነው። በርካሽ ቴሌቪዥኖች ውስጥ በብዛት የሚገኙት ሁለት ናቸው፤ አይፒኤስ እና ቪኤ። አይፒኤስ ላይ ደማቁ ነጭ ከጥቁሩ የሚበልጠው 1000 ጊዜ ገደማ ነው። ቪኤ ላይ ልዩነቱ ከ3000 እስከ 5000 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ቁጥሩ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። መብራት አጥፍተው የዶትራኪዎቹን ግልቢያ ሲያዩት ግን ሌላ ፊልም ይሆናል።

አይፒኤስ ላይ ሜዳው ግራጫ ጭጋግ ይለብሳል። ነበልባሎቹ ይታያሉ፤ ሲጠፉ ግን የሚገቡበት ጨለማ የለም፤ ከግራጫ ላይ ብርቱካናማ ነጥብ እንደተፋቀ ያህል ነው። ብርሃኑ ከዳርና ከዳር ብቻ የሚመጣበት ቀጭን ቴሌቪዥን ከሆነ ደግሞ የስክሪኑ ማዕዘኖች ላይ ነጣ ያለ ነገር ይፈሳል፤ ዓይን ከፈረሰኞቹ ይልቅ ወደዚያ ይሳባል። ቪኤ ላይ ሜዳው በእርግጥ ይጨልማል፤ የመጨረሻው ነበልባል ሲጠፋ ልብ ይደነግጣል። ድክመቱ ቆይቶ ይመጣል። የቪኤ ክሪስታል ከጥቁር ወደ ጥቁር ግራጫ ሲቀየር ይዘገያል፤ ስለዚህ ሙታኑ ቅጥሩን ዘለው ሲገቡ በሚደረገው ፈጣን ትንቅንቅ ከእያንዳንዱ ክንድና ሰይፍ ኋላ ጥቁር ጥላ ይጎተታል።

የጀርባውን መብራት በክፍል በክፍል የሚያደበዝዙ ቴሌቪዥኖችም አሉ። ክፍሎቹ በመቶዎች ሲቆጠሩ ውጤቱ ድንቅ ነው፤ ጥቂት ሲሆኑ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ሰፊ ጨለማና አንዲት ትንሽ ነበልባል አብረው ይወድቃሉ። ቴሌቪዥኑ ወይ ለነበልባሏ ሲል አካባቢውን ሁሉ ያነጣል፣ ወይ ለጨለማው ሲል ነበልባሏን ያደክማታል። ያን ጊዜ እሳቱ ዳይሬክተሩ ካሰበው ቅጽበት ቀድሞ ይጠፋል፤ ትዕይንቱም ይበላሻል።

ኦሌድ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። የጀርባ መብራት የለውም፤ በ4ኬ ስክሪን ላይ ያሉት 8.3 ሚሊዮን ገደማ ነጥቦች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ይበራሉ፣ በራሳቸውም ይጠፋሉ። ኤልጂ በ2005 ዓ.ም. ትልልቅ የኦሌድ ቴሌቪዥኖችን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ዋጋው እየቀነሰ ቢመጣም፣ ተመሳሳይ ስፋት ካለው ተራ ኤልሲዲ ጋር ሲተያይ አሁንም የብዙ ሰው ኪስ አይደርስበትም። የዶትራኪዎቹን ግልቢያ ግን ሳፖችኒክና ዋግነር እንዳሰቡት የሚያሳየው እሱ ነው። አንዲት ነበልባል፣ ዙሪያዋ ፍጹም ጥቁር፣ ከዚያ ምንም።

እዚህ ላይ ለዋግነር ሙሉ በሙሉ መፍረድ የሚዳዳው ይኖራል። እኔ አልፈርድም። ምክንያቱም በኦሌድ ላይ አይቼውም ክፍሉ የሚወድቅባቸው ቦታዎች አሉ። የሕያዋኑ መሪዎች ጆንና ዴኔሪስ በድራጎኖቻቸው ላይ ሆነው በበረዶው ማዕበል ውስጥ ሲጠፉ ማን የት እንዳለ የሚለይ ተመልካች የለም፤ ስክሪኑ ምንም ቢሆን። ቅጥሩ ከተደፈረ በኋላ ተዋጊዎቹ ሳምዌል፣ ብሪየንና ጄይሚ በተደጋጋሚ በሙታን ሲዋጡ እናያለን፤ በሚቀጥለው ቅንጭብ ቆመው ይዋጋሉ። ይህ የጨለማ ችግር አይደለም፣ የድርሰትና የአርትዖት ችግር ነው፤ ጨለማው ያባባሰው እንጂ ያመጣው አይደለም።

ለማነጻጸር ወጣቷ ተዋጊ አርያ በምሽጉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምትደበቅበትን ትዕይንት ይመልከቱ። እዚያም ሌሊት ነው፤ እዚያም ጨለማ ነው። ግን ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን፤ የልጅቷ ፊት፣ መደርደሪያው፣ በመካከላቸው የሚንቀሳቀሱት ሙታን በየቦታቸው ናቸው። ከቁስሏ የደም ጠብታ ወለሉ ላይ ሲወድቅና ሙታኑ ወደ ድምፁ ሲዞሩ ትንፋሽ ይቆማል። ይህ ትዕይንት በአይፒኤስ ላይ ጥቂት ይደበዝዛል እንጂ አይሞትም። ስለዚህ ያው ቡድን፣ በዚያው ሌሊት ውስጥ፣ በማንኛውም ስክሪን ላይ የሚኖር ጨለማ መሥራት ይችል ነበር። ሥራው ሳሎን ውስጥ እንደሚታይ የሚያውቅ ባለሙያ ለሳሎኑ ትንሽ ቦታ መተው አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሌላም ጥፋተኛ አለ፤ ሥርጭቱ ራሱ። ጥቁር ከጥቁር የሚለይባቸው ረቂቅ ደረጃዎች ምስሉ በኢንተርኔት ወይም በኬብል እንዲያልፍ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጣሉት ናቸው። ከዚያ ለስላሳ መሆን የነበረበት ሰማይ በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይሞላል። በኋላ በ4ኬ ዲስክ ሲወጣ ምስሉ በብዙ ተሻሽሏል። የሚያሳዝነው ኦሌድ ጥቁሩን አጥርቶ ስለሚያሳይ እነዚያን የሥርጭት ቁርጥራጮች ይበልጥ ያጎላቸዋል። ውድ ስክሪን የደከመ ምስልን አያድንም።

እንግዲህ ኪሱን አይቶ ለሚገዛ ሰው ከዚህ ምን ይወጣል? በእኔ ፍርድ በርካሹ ገበያ ገንዘብ የሚባክነው በተለጠፈ ምልክት ላይ ነው። 43 ኢንች ስክሪንን 3 ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጦ የሚያይ ሰው 4ኬን ከፉል ኤችዲ በዓይኑ አይለይም፤ ለእሱ ተጨማሪ መክፈል አያስፈልገውም። ኤችዲአር (ደማቁንና ጨለማውን አስፍቶ የሚያሳይ የምስል ዓይነት) የሚል ጽሑፍ ያለበት ርካሽ ቴሌቪዥንም ሲግናሉን ይቀበላል እንጂ አያሳየውም፤ ለኤችዲአር የሚዘጋጅ ምስል በአብዛኛው 1000 ኒት (ኒት የድምቀት መለኪያ ነው) ብርሃን ታስቦለት የሚሠራ ሲሆን፣ እነዚህ ስክሪኖች ከ300 ኒት ብዙም አያልፉም። ኪውሌድ የሚለው ስምም ከኦሌድ ጋር መምታታት የለበትም። ሳምሰንግ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የሚጠቀምበት ይህ ስም ቀለሙን የሚያጎላ ንጣፍ የተጨመረበት ኤልሲዲ ማለት ነው፤ ቀለሙ በእርግጥ ያምራል፣ ጥቁሩ ግን ከጀርባ መብራቱ አያመልጥም።

ፕላዝማንም ሳላነሳ አላልፍም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በፕላዝማ የተማረ ትውልድ ስሙን ያውቀዋል። ፕላዝማም እንደ ኦሌድ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ የሚበራበት ስለነበር ጥቁሩ በዘመኑ ከነበሩት ኤልሲዲዎች የተሻለ ነበር። ግን ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ይግላል፣ ይከብዳል። ፓናሶኒክ በፈረንጆቹ 2013 ማምረት አቆመ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ያገለገለ ፕላዝማ በርካሽ ቢያገኙ እንኳ መለዋወጫው ችግር ነው፤ አልመክርም።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ፤ ጥቁርን ብቻ አይቶ ቪኤን የሚያስመርጠው ምክር ከእኛ ሳሎን ጋር የማይገጥመው እዚህ ነውና። ቪኤ በጥቁሩ ይበልጣል ብያለሁ። ሆኖም ቪኤ ከፊት ለፊት ሲታይ ብቻ ነው ያማረ፤ ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ይገረጣል፣ የሰው ፊት ይነጣል። የብዙ ኢትዮጵያዊ ሳሎን ሶፋ ደግሞ ሦስቱን ግድግዳ ተከትሎ የተደረደረ ነው። በዓል ሲሆን ከቴሌቪዥኑ ፊት የሚቀመጡት ጥቂቶች ናቸው፤ ቀሪው እንግዳ የሚያየው በአግድም ነው። መብራቱም አይጠፋም፤ ቡና ይፈላል፣ ሰው ይገባል ይወጣል። መብራት በበራበት ክፍል የአይፒኤስ ግራጫ ያን ያህል አይታወቅም፤ ከጎን ሲታይ ቀለሙ አለመገርጣቱ ግን ለሁሉም ይታወቃል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ የእንግዳና የቤተሰብ ከሆነ፣ ቀን የሚከፈትና ዜናና ትርጉም ድራማ የሚታይበት ከሆነ፣ አይፒኤስ የማያሳፍር ምርጫ ነው። ማታ መብራት አጥፍተው ፊት ለፊት ተቀምጠው ፊልም ለሚያዩ ባልና ሚስት ወይም ለብቻው ለሚኖር ሰው ግን ያለ ጥርጥር ቪኤ።

ገንዘቡ ደርሶ ኦሌድ ለሚያስብም አንድ ነገር ልበል። የኦሌድ ነጥቦች ሲበሩ ያረጃሉ፤ አንድ ቦታ ላይ ሳይንቀሳቀስ የሚቆም ደማቅ ምስል ነጥቦቹን ከሌሎቹ ቀድሞ ያስረጃቸውና ጥላው ይቀራል። አንድ ጣቢያ ከጠዋት እስከ ማታ ተከፍቶ የሚውልበት ቤት ውስጥ የጣቢያው አርማና ከሥር የሚያልፈው የዜና ጽሑፍ የሚቀመጥበት መደብ ለዚህ የተመቹ ናቸው። እንዲህ ላለ ቤት ኦሌድ አይገዛም። ምንም ዓይነት ስክሪን ቢገዙ ደግሞ የመብራቱ መዋዠቅ ፓኔሉን ሳይሆን ቦርዱን ነው ቀድሞ የሚያቃጥለው፤ ከበጀቱ ላይ ለእስታብላይዘር የሚሆነውን አስቀድመው ይቀንሱ።

ሱቅ ሲገቡ ካርቶኑ ላይ የፓኔሉ ዓይነት አይጻፍም። ሻጩም ብዙ ጊዜ አያውቀውም፤ የአንድ ሞዴል ስም 43 ኢንቹ ላይ አንድ፣ 55 ኢንቹ ላይ ሌላ ፓኔል ሊኖረው ይችላልና አይፈረድበትም። መለያው በዓይን ነው። ስክሪኑ ላይ ሰው ሲታይ ወደ ጎን ይሂዱ፤ ፊቱ እየገረጣ ከመጣ ቪኤ ነው፣ ባለበት ከቆየ አይፒኤስ ነው። ሱቆች ቴሌቪዥኑን በደማቁ የማሳያ ሞድ ከፍተው በአበባና በዓሣ ቪዲዮ ያሽሞነሙኑታል፤ በዚያ ሁሉም ያምራል። ሞዱ ወደ ሲኒማ ወይም ሙቪ እንዲቀየርልዎ ይጠይቁ።

ቤት ሲገባም ዋግነር ያነሳው ነገር ይሠራል። ጨለማ ትዕይንት አልታይ ሲል ብዙዎቻችን ብራይትነስ የሚለውን እንጨምራለን፤ በብዙ ቴሌቪዥኖች ግን ይህ የሚያነሣው ጥቁሩን ነው፣ ምስሉንም ጭጋግ ያለብሰዋል። መጨመር ያለበት ባክላይት ነው። መብራት ለመቆጠብ ተብሎ ስክሪኑን በራሱ የሚያደበዝዘውን ኢኮ ሞድም ያጥፉት።

ለመግዛት ሲሄዱ «ረጅሙ ሌሊት»ን ወይም ሌላ የሚያውቁትን የሌሊት ትዕይንት በፍላሽ ይዘው ይሂዱ፤ ሻጩ ሰክቶ ሊያሳይዎ ፈቃደኛ ካልሆነ ከዚያ ሱቅ አይግዙ።