ለወጣቶች የተጻፉ ሁለት መጻሕፍትና የአንዲት እናት ጥያቄ

ሰው ከሥራው በጡረታ ከተሰናበተ በኋላ ጊዜው ሰፊ ይሆናልና፥ ያላነበበውን ለማንበብ፥ ያነበበውንም እንደ ገና ለማሰብ ዕድል ያገኛል። እኔም ባለፈው ክረምት የጓንግ ወንዝ ሞልቶ፥ ጭቃውም መንገዱን ዘግቶ በነበረ ጊዜ፥ ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ልጅ ከውጭ አገር የላከልኝን ሁለት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ሳነብ ከረምሁ። ሁለቱም ልብ ወለድ ታሪኮች ናቸው፤ የተጻፉትም ለዐዋቂ ሳይሆን ከልጅነት ወጥተው ወደ ጕልምስና ላልደረሱ ወጣቶች ነው። ልጁ ከመጻሕፍቱ ጋር በላከው ወረቀት ላይ «መምህር፥ ስለ እኛ የተጻፉ ናቸው» ብሎ ነበር። ስለ እኛ መሆናቸውን ለመመርመር ብዬ ጀመርሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ስለ ሆንሁ ስለ ልብ ወለድ የነበረኝ አሳብ ብዙ ዘመን የጠበበ ነበር። አስተማሪዎቻችን ደጋግ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ መጻፍ ከሐሰት የሚቈጠር ይመስላቸው ነበር። የተፈቀደልን የጆን በንያን የመንገደኛው ታሪክ ብቻ ነው፤ እርሱም ነፍስን ስለሚመክር ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ»ን ሲጽፉ የበንያንን ፈለግ መከተላቸውን እንኳ የተረዳሁት ራሴ አስተማሪ ከሆንሁ በኋላ ነው። ስለዚህ በወጣትነቴ ስለ ወጣት የተጻፈ ታሪክ አላነበብሁም። አሁን በስተርጅና ሳነብ ነገሩ ከሚገባው በላይ ልቤን ነክቶት እንደ ሆነ፥ አንባቢ ይህን ዐውቆ ፍርዴን ይመዝን።

የመጀመሪያው መጽሐፍ «ሪፊውጂ ቦይ» ይባላል፤ ስደተኛው ልጅ ማለት ነው። የታተመው በፈረንጅ አቈጣጠር በ2001 ነው። የደረሰው ቤንጃሚን ዜፋናያ፥ ስሙ በእኛ አጠራር ሶፎንያስ መሆኑ ነው፥ ወላጆቹ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ፥ እርሱ ግን በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም የተወለደ ባለቅኔ ነበረ፤ በ2023 ዐረፈ። የታሪኩ ባለቤት ዓለም ኬሎ የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ኢትዮጵያዊ፥ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት በነበረ ጊዜ፥ በኢትዮጵያ ሳሉ ወታደሮች ቤታቸውን ሰብረው ገብተው በእናትየዋ ምክንያት ከአገር ውጡ ይሏቸዋል። ወደ ኤርትራ ይሄዳሉ። በዚያም ወታደሮች ቤታቸውን ሰብረው ገብተው በአባትየው ምክንያት ውጡ ይሏቸዋል። ደራሲው ይህን ሁለተኛውን መከራ ሲጽፍ አዲስ ቃል አልፈለገም፤ የመጀመሪያውን ከሞላ ጎደል እንዳለ ደግሞ የአገሩን ስም ለወጠው። እኔ ወደ አርባ ዓመት ያህል የተማሪ ድርሰት ሳርም «ደገምህ» እያልሁ በቀይ ብዕር ስሰርዝ የኖርሁ ሰው ነኝ። ይህን መድገም ለመሰረዝ ግን እጄ አይታዘዝልኝም። የሁለት ወገን ጥላቻ አንድ ቋንቋ እንደሚናገር ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ በጥቂት ገጽ እንዲህ ያስረዳኝ ግን አልነበረም።

ከዚህ በኋላ አባት ልጁን ይዞ ወደ እንግሊዝ አገር ይሄዳል። ልጁ ለጕብኝት የመጣ ይመስለዋል። ለንደንን ሲያይ ይውልና ዳቸት በምትባል መንደር በሆቴል ያድራሉ። ጠዋት ሲነቃ አባቱ የለም፤ ያለው ደብዳቤ ብቻ ነው። ጦርነቱ እስኪያልፍ ድረስ ከዚያ እንዲቈይ ቈርጠናል ይላል ደብዳቤው።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘጋሁት፤ ሦስት ቀንም አልከፈትሁትም።

የመጀመሪያው ስሜቴ ቍጣ ነበረ። ልጅን አታልሎ መተው፥ ከሞት ለማዳን እንኳ ቢሆን፥ ከአባት የሚጠበቅ ነውን? ቢነግረው ልጁ እሺ አይልም ነበር ይባል ይሆናል። ይሁን። እሺ ባይልም እንኳ እንቢ ብሎ ማልቀስ፥ የአባቱን አንገት ይዞ መለመን የልጁ ድርሻ ነበረ፤ ይህን ተነጠቀ። ደራሲው በአባትየው ላይ አይፈርድም፤ አያመሰግነውምም። ይህ ዝምታው አናደደኝ። ነገር ግን ቈይቼ ሳስበው፥ ያናደደኝ የመጽሐፉ አባት ብቻ እንዳልነበረ ዐወቅሁ፤ ስለዚህ ጥቂት ስለ ራሴ መናገር ግድ ይሆንብኛል።

በ2004 ዓ.ም. በማስተምርበት ክፍል አንድ የ17 ዓመት ልጅ ነበረ፤ የእጅ ጽሕፈቱ ያማረ፥ ንግግር የማያበዛ። ከጥምቀት በኋላ አንድ ሰኞ ስሙን ስጠራ አልመለሰም። ማክሰኞም አልመለሰም። በመተማ አንድ ልጅ ከክፍል ሲጠፋ ወዴት እንደ ሄደ መጠየቅ አያሻም፤ ድልድዩን ተሻግሮ ገላባት፥ ከገላባት ካርቱም፥ ከካርቱም ሊቢያ፥ ከዚያ ወዲያ ባሕሩ ነው። ቀኑን ቈጥሬ በመዝገቡ ላይ በስሙ ትይዩ «አቋረጠ» ብዬ በቀይ ጻፍሁ። እናቱን ዐውቃታለሁ፤ ወደ ድልድዩ በሚወስደው መንገድ ዳር ቡና እያፈላች የምትሸጥ ሴት ናት። በየቀኑ በደጃፍዋ ዐልፍ ነበር። አልገባሁም። ምን ብዬ ላጽናናት ብዬ ነው እል ነበር። እውነቱ ግን በዚያ ዓመት ከዚያ ክፍል የጠፋ እርሱ አራተኛው ስለ ነበረ፥ ልቤ ለምዶት ነበር። ልጁ ከካርቱም አንድ ጊዜ ደውሎላታል። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም።

መጽሐፉን በዘጋሁ በአራተኛው ቀን ወደ እርስዋ ሄድሁና ቡና አዘዝሁ። ለምን እንደ መጣሁ ለመናገር ድፍረት ስላጣሁ፥ አንድ የስደተኛ ልጅ ታሪክ አንብቤአለሁ ብዬ እነግራት ጀመር። ወሬው ሁለት ቀን ወሰደ፤ ሾፌሮችና ተሸካሚዎች እየገቡ ይወጣሉ፥ እርስዋም እየቀዳች ታዳምጣለች። ደብዳቤው ላይ ስደርስ ሲኒ ማጠቧን ተወች። «መምህር፥ እናቱስ? ያ ደብዳቤ ሲጻፍ እናቱ የት ነበረች?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ከፍቼ ፈለግሁ። እናትየዋ እዚያው አፍሪቃ ቀርታለች። ደብዳቤው ስለ ሁለቱም ይናገራል፤ የእርስዋ ድምፅ ግን የለበትም። ቈይቶ መጥፋትዋ፥ ከዚያም መገደልዋ እንዲሁ በደብዳቤ ይሰማል። ባልዋ ልጅዋን ይዞ የወጣ ዕለት ማታ ምን እንዳደረገች፥ የልጅዋን መኝታ አነጠፈችው ወይስ እንዳለ ተወችው፥ ይህን የሚነግር መስመር አላገኘሁም። አገሩ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ልጁ አውሮፕላን ከወረደ በኋላ የትውልድ አገሩ ደብዳቤ የሚመጣበት ቦታ ብቻ ይሆናል። አባቱ በመጨረሻ ራሱ ወደ ለንደን ይመጣል፤ በዚያም በጥይት ተመትቶ ይሞታል። ይህን ለሴትዮዋ ስነግራት ምንም አላለችም።

እንግዲህ ነቀፌታዬ ይህ ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ልጁ የሄደበትን ቤት በሚገባ ያበራል፤ የተወውን ቤት ግን መብራቱን አጥፍቶ ይወጣል። እኛ ደግሞ የምንኖረው በዚህኛው ቤት ውስጥ ነው። በኦሪት ዘፀአት ሙሴ በሣጥን ተደርጎ በወንዝ ዳር በተቀመጠ ጊዜ፥ እኅቱ የሚሆነውን ለማየት በሩቅ ቆማ ነበር። ታሪኩን የጻፈው ሰው ሣጥኑን ብቻ ተከትሎ መሄድ ይችል ነበር፤ እርስዋን አልረሳትም።

ነገር ግን ፍርዴ እንዳያዳላ የመጽሐፉን ዋና ዓላማ መናገር ይገባኛል። ዜፋናያ የጻፈው ለእንግሊዝ ልጆች ነው፤ አጠገባቸው የተቀመጠው ባዕድ ልጅ ከምን እንደ መጣ እንዲያውቁ። ዓለምን ተቀብለው የሚያሳድጉት ፊትዝጀራልድ የተባሉ ቤተ ሰቦች ቅዱሳን ሆነው አልተሣሉም፤ ተራ ሰዎች ናቸው፤ ይህም ታሪኩን እንዳምነው አድርጎኛል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ድልድያችን ፊቱን አዞረ፤ ሰው ከዚያ ወደዚህ ይጐርፍ ጀመር። እናቶች ሕፃን አዝለው፥ ልጆች የትምህርት ቤት ቦርሳ ይዘው በፀሓይ ቆመው አይቻለሁ። ውኃም ዳቦም የሰጠ ብዙ ሰው ነበረ፤ ከሰጡትም አንዱ ነበርሁ። ከእነዚያ ልጆች የአንዱን ስንኳ ስም ግን አልጠየቅሁም። መጽሐፉን ያን ጊዜ አንብቤው ቢሆን ምናልባት እጠይቅ ነበር። ስለዚህ ለመቀበል ለሚዘጋጅ ወጣት ይህ መጽሐፍ ትልቅ መምህር ነው፤ እንግሊዝኛውም ቀላልና አጭር ስለ ሆነ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን በጥቂት እርዳታ ይዘልቁታል።

ሁለተኛው መጽሐፍ «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ»፥ የቆሻሻው ንጉሥ፥ የሚባለው ነው። የጻፈችው በ1960ዎቹ በፈረንጅ አቈጣጠር በኢትዮጵያ ያስተማረች ኤልሳቤጥ ሌርድ ናት፤ የታተመውም በ2003 ነው። የሁለት የአዲስ አበባ ልጆች ታሪክ ነው። ዳኒ የሀብታም ልጅ ሲሆን ከአባቱ ቍጣ ሸሽቶ ይወጣል። ማሞ እናቱ የሞተችበት ድኻ ነው፤ አጎትህ ነኝ ያለ ሰው አታልሎ ወደ ገጠር ወስዶ ለአንድ ገበሬ ይሸጠዋል፤ ከብት ጠባቂም ይሆናል። የዳኒን ታሪክ በፍጥነት አነበብሁት፤ ከአባቱ ጋር የሚታረቅበት መንገድ እጅግ ለስላሳ ነው፤ ከልጅ ይልቅ ለአንባቢ ተብሎ የተደረገ ይመስላል። የማሞን ግን በዝግታ አነበብሁት። በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋው ወደ መተማና ወደ ቋራ ቈላ ለሰሊጡና ለጥጡ ሥራ ከሚወርደው ብዙ ሰው መካከል ጢሙ ያልበቀለ ልጅ ስንት እንደ ሆነ ያየ ሰው፥ ይህን በፍጥነት ሊያነብ አይችልም። ወባው አለ፤ ካላዛሩ አለ፤ ደመወዙን ሌላ ሰው የሚቀበልለት ልጅም አለ። ደራሲዋ ርሃቡንና ብቸኝነቱን ሳታጋንን ጽፋዋለች፤ ገበሬውንም ጭራቅ አላደረገችውም። ድኻ ድኻን እንዴት እንደሚበድል ማየት ጭራቅ ከማየት ይከብዳል።

በዚህ መጽሐፍ የተተወችውም ትታያለች። ማሞ ትዕግሥት የምትባል እኅት አለችው፤ በሱቅ ተቀጥራ እየሠራች የራስዋን እንጀራ ትፈልጋለች፥ ስለ ወንድምዋም ትጨነቃለች፤ ለእርስዋም የራስዋ ገጾች ተሰጥተዋታል። ይህንንም ለቡና ሻጭዋ ነገርኋት። ትዕግሥትን ወደደቻት፤ በሚቀጥለው ቀን ስደርስ ጀበናውን ገና ሳታወርድ «ያች ልጅ እንዴት ሆነች?» ትለኝ ነበር። በመጨረሻ እኅትና ወንድም ይገናኛሉ። እኔ ይህ መገናኘት በጣም ቀለለ፥ ኑሮ እንዲህ አይደለም ብዬ ስነቅፍ፥ «ይቅለል እንጂ፤ እርስዎን ምን ከበደዎት?» አለችኝ። ስለዚህ ነጥብ ከዚያ በኋላ ለመጻፍ ያሰብሁትን ትቼዋለሁ።

ይህችው ደራሲ ስለ ልዑል ዓለማየሁም ለወጣቶች መጽሐፍ ጽፋለች። የቋራው ካሳ፥ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ፥ ለእኛ የጎረቤት ልጅ ያህል ነው፤ ቋራ ከዚህ ሩቅ አይደለምና። በ1868 በፈረንጅ አቈጣጠር ከመቅደላ ተወሰደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና በመንገድ ሳሉ ሞተች፤ እርሱም በ18 ዓመቱ በ1879 በእንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። ዐፅሙ እንዲመለስ ቢጠየቅ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 አልፈቀደም። ይህን ለሴትዮዋ አልነገርኋትም።

በዚያ ፈንታ ከመደርደሪያዬ አሮጌውን «ጦቢያ» አወጣሁ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በሮማ በ1908 በፈረንጅ አቈጣጠር ያሳተመው፥ በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ነው። የደራሲው የኋላ ኑሮ፥ በጣልያን ወረራ ዘመን ከጠላት ጋር መቆሙ፥ የሚያስመሰግነው አይደለም። መጽሐፉም ጕድለት አለው፤ ሰዎቹ ሁሉ ከልክ በላይ ያማሩ ናቸው፥ ችግር በተነሣ ቍጥር ዕድል ከሰማይ ይወርዳል። ነገር ግን በውስጡ አንድ ልጅ ይጠፋል። ዋሕድ ለአባቱ የተደረገውን ውለታ ሊከፍል ወጥቶ በወንበዴ እጅ ወድቆ ይሸጣል። ቤቱም ደብዳቤ እየጠበቀ አይቀመጥም፤ አባቱና እኅቱ ጦቢያ፥ እርስዋም የወንድ ልብስ ለብሳ፥ ሊፈልጉት ይነሣሉ፤ ታሪኩም ከእነርሱ ጋር ይሄዳል። ከመቶ ዓመት በፊት የተጻፈው መጽሐፍ፥ የጠፋውን ልጅ ትቶ የሚፈልጉትን ተከትሏል። አዲሶቹ ደራሲዎቻችን ስለ ስደት ለወጣት ሲጽፉ የባሕሩን ማዶ ከማየታቸው በፊት ይህን ቢያነቡ እወዳለሁ።

አማርኛው ያረጀ ስለ ሆነ ሳነብላት እያቆምሁ እፈታላት ነበር። ምሽት ነው፤ የጭነት መኪኖቹ ለጕምሩክ ተሰልፈው ቆመዋል፥ ሙቀቱ ገና አልበረደም። ብዙ ገጽ ዐልፈን ከአረመኔው ንጉሥ ቤት ደርሰን ሳለ እጅዋን በመጽሐፉ ላይ አሳረፈች።

«ያንን ከቤት የሚነሡበትን ቦታ እንደ ገና ያንብቡልኝ» አለችኝ።

ገጹን ወደ ኋላ ገለጥሁ።