በሶብላ የሚቆረጥበት ቀን

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው የበርበሬ አገር፣ የጓሮ በሶብላ ሁለት ሥራ አለው። ደጅ ላይ በሐምራዊ አበባው ግቢ ያሳምራል፤ ጓዳ ሲገባ ደግሞ በርበሬውንና ሽሮውን ያጣፍጣል። ሁለቱ ሥራዎች ግን ይሻማሉ። ለዓይን እጅግ የሚያምርበት ሳምንት፣ ለቅመም መቆረጥ ያለበትም ሳምንት ነው። ውበቱ ትንሽ ይቆይልኝ ያለ ሰው መዓዛውን ያጣል። ስለዚህ የባለሙያ በሶብላ የሚታወቀው ከሁሉ በፊት በተቆረጠበት ቀን ነው።

ቀኑን የሚናገረው የአበባው ዘለላ ነው። አበባው ከታች ወደ ላይ ይፈካል። ጫፉ ገና እምቡጥ፣ መካከሉ የፈካ፣ ግርጌው ሐምራዊነቱን ያልለቀቀ ዘለላ ምርጥ ነው፤ ንብ እየተመላለሰበት ከሆነ ደግሞ አትጠራጠሩ። ግርጌው ቡናማ ሆኖ፣ ሲነቀነቅ ጥቃቅን ጥቁር ፍሬ የሚያራግፈው ግን ዘግይቷል። መዓዛውን የያዘው ዘይት ያለው በቅጠሉና አበባውን በሚያቅፈው ሽፋን ላይ ነው፤ ሽፋኑ ተክሉ ላይ ሲደርቅ ዘይቱ ይተናል።

በዚህ ነገር የውጭ አገር ምክር አይጠቅመንም። የጣሊያኗ ጄኖቫ ሰዎች ፔስቶ ለሚሉት ማባያ የሚፈልጉት ለጋ ቅጠሉን ስለሆነ፣ አበባ ሳያወጣ ይቀነጥሱታል። የእኛ ሙያ በአበባው ላይ የቆመ ነው። ቀለም ብቻውንም አያሳምነኝም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1962 የተሸለመው «ዳርክ ኦፓል» የተባለ ዝርያ ቅጠሉ ሳይቀር ሐምራዊ ነው፤ የእኛው በአብዛኛው ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ሐምራዊው ግንዱና አበባው ላይ ነው። ይህ ጉድለት አይደለም።

ደረቁን ከገበያ ስትገዙ ሳታሹት አሽትቱት። ሳይነካ መዓዛው አፍንጫ ላይ ከደረሰ ጥሩ ምልክት ነው። ከዚያ አንዷን ዘለላ በመዳፋችሁ እሹ፤ ሽታው ጣፈጥ ብሎ ጀምሮ ወደ ቅርንፉድ የሚያደላ፣ እጅ ላይም የሚቆይ ይሁን። የገለባ ሽታ ከሰጠ ፀሐይ በልቶታል። ጠቁሮ ሻጋታ የሚሸት ከሆነ እርጥቡን ከምረውት ነው። በደንብ የደረቀ በሶብላ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ እያገኘው፣ ተዘርግቶ ወይም በትንንሽ እስር ተሰቅሎ የደረቀ ነው፤ ሐምራዊው ወደ ቡናማ ቢያዘነብልም ጨርሶ አይጠፋም። ወፍራም ግንዱንም ተመልከቱ። ግንድ ለሚዛን ይረዳ ይሆናል፣ ለወጥ ግን የሚሰጠው የለም። በእጅ ተሸምጥጦ አበባና ቅጠሉ ብቻ የቀረበ ከሆነ ውድ ቢሉትም ያዋጣል። መሬት ላይ የደረቀውን አሸዋው ጥርስ ላይ ያጋልጠዋል።

ዋናው ፈተና ድልዙ ነው። በርበሬው ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ሲወቀጥ፣ በመጀመሪያ የሚነሳው የሽንኩርቱ ሽታ ነው። በሶብላው ከኋላ መጥቶ ሲያለዝበው ሊሰማ ይገባል። ሽንኩርቱ ብቻውን ከገነነ በሶብላው አንሷል ወይም ደክሟል፤ ሽታው ወደ ሳሙና ከሄደ በዝቷል። መብዛቱ ከማነሱ የከፋ ይመስለኛል፤ ያነሰው ሽሮ ላይ ደረቁን በመነስነስ ይታረማል፣ የበዛው ግን ዓመቱን ሙሉ ከየወጡ ይወጣል።

ለዘር የሚቀሩት ተክሎች ከሁሉ ቀድመው መመረጥ አለባቸው፤ መዓዛቸው የበረታውን እንጂ ከመቁረጥ የተረፉትን አይደለም። እነዚህ ግርጌያቸው እስኪደርቅ ይቆማሉ፣ ግቢውንም እስከ መጨረሻው የሚያስጌጡት እነሱ ናቸው። የበሰለ ፍሬያቸው ውኃ ውስጥ ሲገባ በደቂቃዎች ውስጥ ዙሪያውን ልጋግ ይለብሳል። የሚዘሩት በሰኔ ነው።