«ሻክቲ»፦ በአባትና በልጅ መካከል የቀረ ቃል

ራሜሽ ሲፒ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው «ሻክቲ» በተነሳ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው፤ ዲሊፕ ኩማር በለጠ ወይስ አሚታብ ባችን? ፊልምፌር በ1983 የምርጥ ተዋናይነትን ሽልማት ለዲሊፕ ቢሰጥም ክርክሩ አልተዘጋም። እንዲህ ያለው የፉክክር አተያይ ፊልሙን በድሎታል። ከእሱ ሰባት ዓመት ቀድሞ የወጣው የ«ዲዋር» ደብዛዛ ቅጂ አድርጎ ማየትም እንዲሁ።

የሁለቱም ፊልሞች ጸሐፊዎች ሳሊምና ጃቬድ ናቸው። በ«ዲዋር» ግን የቪጃይ ወንጀል ምክንያቱ ከቤት ውጭ ነው፤ አባቱን ያዋረዱት ሰዎች፣ የቦምቤይ ጎዳና፣ ድህነት። ተመልካች ልጁን ይቅር የሚልበት በር ክፍት ነው። የ«ሻክቲ»ው ቪጃይ (አሚታብ) ግን ያደገው ጠግቦ ነው። የተከበረው የፖሊስ ሹም የአሽዊኒ (ዲሊፕ) ልጅ ነው፤ የሚያሳብበው ችጋር የለውም። ጸሐፊዎቹ ቀላሉን ምክንያት ነፍገውታል፤ ለእኔ የስክሪፕቱ ድፍረት እዚህ ላይ ነው።

የቀራቸው መሣሪያ ስልክ ነው። የወሮበሎቹ አለቃ ጄ.ኬ. ሕፃኑን ቪጃይን አግቶ የታሰረበት ሰው እንዲፈታለት ይጠይቃል። አሽዊኒ ልጁን ቢገድሉበት እንኳ ግዳጁን እንደማይከዳ ይመልሳል፤ ቪጃይ ይህን ይሰማል። አባት የተናገረው ለወንጀለኛው ነበር፤ ቃሉ ያረፈው ግን ልጁ ላይ ነው። ጠላትን ለመመከት የወጣ ቃል በሕፃን ጆሮ የሞት ፍርድ ሆነ። ስልክ ፊትን አያሳይምና ለቪጃይ የደረሰው የድምፁ ጽናት ብቻ ነው፤ የሚናገረውን ሰው ጭንቀት የምናየው እኛ ነን። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተመልካቹ ልጁ የማያውቀውን እያወቀ እስከ ፍጻሜው ይቀመጣል። ማምለጫ የሰጠው ደግሞ ከአጋቾቹ አንዱ፣ ናራንግ ነው። ቪጃይ አድጎ ከናራንግ ጎን ሲቆም የሚመልሰው ውለታ ነው፤ አባትየው በሕግ ዓይን ወንጀለኛ የሚለውን ሰው ልጁ ነፍሱን ያተረፈለት አድርጎ ያውቀዋል። በዚህ ላይ የትኛው ሕግ ይፈርዳል?

የተዋናዮቹ ምርጫም ከፉክክር በላይ ትርጉም አለው። ዲሊፕ በ1960ው «ሙጋል-ኤ-አዛም» በንጉሠ ነገሥት አባቱ ላይ ያመፀ ልጅ ነበር። በ1961ዱ «ጋንጋ ጁምና» ደግሞ ፖሊስ በሆነ ወንድሙ ጥይት የሚወድቅ ሽፍታ ሆኖ ተጫውቷል። እዚህ አባቱም ተኳሹም እሱ ነው። በ«ሻክቲ» የአሽዊኒ ግትርነት ጭካኔ ሆኖ የማይታየኝ በከፊል ለዚህ ነው፤ ይህ ፊት በሌላው ወገን ቆሞ ያውቃል።

ሲፒ ከሁሉ የላቀበት ትዕይንት ንግግር የለውም። እናቲቱ ሺታል በጄ.ኬ. ወገን ጥይት ከሞተች በኋላ ቪጃይ ከእስር ቤት ወደ ለቅሶው ይመጣል። ከአባቱ አጠገብ መሬት ላይ ይቀመጥና ክንዱን ይነካል። በቃ። ሁለት ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ያልተነጋገሩትን እዚያ ተነጋገሩ። በአውሮፕላን ማረፊያው አሽዊኒ ልጁን ተኩሶ ከጣለ በኋላ የሚመጣው የፍቅር ኑዛዜ ስሜትን ይነካል፤ ሆኖም የለቅሶው ዝምታ ቀድሞ የሠራውን በቃል ይደግመዋል።

ዘፈኖቹን አልፋቸዋለሁ፤ የታሪኩን መስመር ያላላሉ እንጂ አይበጥሱትም። ይቅር የማልለው የታሪኩን ማቀፊያ ነው። ጡረታ የወጣው አሽዊኒ ይህን ሁሉ የሚተርከው ፖሊስ መሆን ለሚሻው የልጅ ልጁ፣ በአኒል ካፑር ለተጫወተው ራቪ ነው፤ ወጣቱም ሰምቶ ከሐሳቡ አይመለስም። ልጁን በእጁ የገደለ ሰው ሐዘን የቅጥር ማበረታቻ ሆነ። ይህ ድክመት ብቻ አይደለም፤ ፊልሙ በራሱ ላይ የፈጸመው ክህደት ነው።

ሽልማት ሲታደል ከሁለቱ ወንዶች ጥላ ሥር የቀረችው ሺታልን የተጫወተችው ራኪ ናት። በ1976ቱ «ካቢ ካቢ» የአሚታብ ፍቅረኛ የነበረች ሴት በስድስት ዓመት ውስጥ እናቱ ሆና ስትመጣ ተመልካች ለማመን መቸገር ነበረበት። አልተቸገረም። ሺታል የባሏን ሕግም የልጇንም ቁስል ታውቃለች፤ አንዱን መርጣ ሌላውን አትጥልም። በዚያ ቤት ሁለቱንም ወገን የምትሰማ እሷ ብቻ ነበረች፤ አባትና ልጅ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡት እሷ ከሞተች በኋላ ነው።