ቅጠሉን የሚያበስለው ጊዜ ነውን? (የፈርናንዶ ኦርቲዝን መጽሐፍ ከቤዝመንት ሆኖ ማንበብ)

አስቀድሜ ልናዘዝ። የማልኮራበት አመል አለኝ። በወር አንድ ሁለቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ በገዛ እጄ የጠቀለልኩትን ሲጋር አጨሳለሁ። ሲጋር ስል በወረቀት የሚጠቀለለውን ሲጋራ ሳይሆን ከውስጥ ሙሌቱ እስከ ላይኛው ሽፋኑ ቅጠል ብቻ የሆነውን ወፍራሙን ማለቴ ነው። ጭሱ ወደ ሳንባ ስለማይሳብ ጉዳት የለውም የሚሉ አሉ፤ ሐሰት ነው፣ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል። እናም ይህ ጽሑፍ ማንንም አጫሽ ለማድረግ አልተጻፈም። የተጻፈው ስለ አንድ መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉን እንድጠራጠረው ያደረገኝ ግን አንድ ከረጢት የሻገተ ትምባሆ ስለሆነ ከረጢቱን ማለፍ አልችልም።

ኩባዊው ሊቅ ፈርናንዶ ኦርቲዝ የትምባሆንና የስኳርን ሙግት የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው፤ በ1947 ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል። ብዙ ምሁራን መጽሐፉን የሚያውቁት «ትራንስካልቸሬሽን» በሚለው ቃል ነው። ሁለት ባሕሎች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን እንዲሁ አይውጠውም፣ ሁለቱም የሆነ ነገር አጥተው አዲስ ነገር ይወለዳል ለማለት የፈጠረው ቃል ነው። መግቢያውን የጻፈለት ማሊኖውስኪም ያወደሰው ይህንኑ ነው። ኦርቲዝ ግን የሚጀምረው በቃሉ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን እስፓኝ የተጻፈ የጾምና የፍስክ ፍልሚያን አርአያ አድርጎ (ለእኛ ለሁዳዴ ልጆች እንግዳ ነገር አይደለም) አቶ ትምባሆንና ወይዘሮ ስኳርን ያሟግታል። ሸንኮራ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ካልተጨመቀ ስኳሩ ይባክናል፤ ስለዚህ ስኳር ማለት ጥድፊያ፣ ማሽን፣ ሰፊ እርሻ፣ ባርነት፣ የውጭ ካፒታል ነው። ትምባሆ በአንጻሩ ጥንቃቄ፣ የእጅ ጥበብ፣ አነስተኛ ማሳና ጥራት ነው። ስኳር ይቸኩላል፣ ትምባሆ ይታገሳል።

እንዴት ያለ ውብ አጻጻፍ ነው! ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነበው አመንኩት። አምኜም ከአንድ ነጋዴ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ቅጠል ገዝቼ፣ እንደመጣ በወፍራም ላስቲክ አሽጌ፣ ቤዝመንት ውስጥ ግድግዳ አስደግፌ ለሦስት ዓመት ላስቀምጠው ወሰንኩ። ይታገሳል ተብሏላ! ቅጠሉ ሲታጠፍ እንዳይሰበር ረጠብ ተደርጎ የተላከ ነበር። በሜሪላንድ ሐምሌ ቤዝመንቱ ይሞቃል፣ ከአፈር ጋር የተያያዘው የኮንክሪት ግድግዳ ግን ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቆያል። በከረጢቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ከሞቃቱ ወገን ወደ ቀዝቃዛው ይሰደዳል። በመስከረም ስከፍተው ግድግዳውን የነካው ወገን ነጭ ጸጉር አብቅሎ ጠበቀኝ። ማስተርስ ያለው ኢንጂነር በጤዛ ተሸነፈ ማለት ነው። ሦስት ዓመት ቀርቶ ሦስት ወር አልሞላውም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩን እንደ ሙያዬ መረመርኩት። ቅጠል የአየሩን እርጥበት ይከተላል። አንጻራዊ እርጥበቱ ከ65 እስከ 70 በመቶ ሲሆን ቅጠሉ ለመጠቅለል ይለሰልሳል፤ 75ን ሲያልፍ ሻጋታ ያሰጋዋል። ደረቅ ሆኖ ከተቀመጠ ለዓመታት አይሻግትም፣ ነገር ግን ሳይረጥብ የነካው ሰው ዱቄት ያደርገዋል። ነቀዝም አለ። የእኛን ጎተራ እንደሚያወድመው ሁሉ ትምባሆም የራሱ ነቀዝ አለው፤ እንቁላሉ ከቅጠሉ ጋር ሊመጣ ስለሚችል ብዙዎች ቅጠሉን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ፍሪዘር ለቀናት አቆይተው ነው ወደ መደርደሪያ የሚመልሱት። ይህ ሁሉ ግን ቅጠሉን ከጥፋት ማዳን ነው እንጂ ማብሰል አይደለም።

ማብሰሉ ሌላ ነገር ነው። የሲጋር ቅጠል ከደረቀ በኋላ በትልቅ ክምር ይከመራል፣ ይብላላል፣ ከውስጥ ይግላል፣ አሞኒያውን ይተፋል። እንደ ቅጠሉ ዓይነት የክምሩ እምብርት 40፣ 50 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይደርሳል። እርጥብ ድርቆሽ ከምሮ እጁን የከተተ ያውቀዋል። ሙቀቱ የሚመነጨው ከክምሩ ይዘት ነው፤ የሚጠፋው ግን በገጹ ነው። የክምሩን ጎን እጥፍ ብናደርገው ሙቀት አመንጪው ይዘት ስምንት እጥፍ፣ ሙቀት የሚያመልጥበት ገጽ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትልቁ ክምር ራሱን ያበስላል፣ የእኔ ሁለት ኪሎ ተኩል ግን አሥር ዓመት ቢቀመጥ አይግልም። ይህን የተረዱ የቤት ጠቅላዮች አሮጌ ፍሪጅ ውስጥ በዝግታ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ከተው በ50 ዲግሪ ገደማ ለአንድ ወር ያህል ያቆዩታል። ክምሩ የሠራውን ድስቱ ይሠራዋል። ላስቲክና ጠርሙስም አንድ አይደሉም፤ ተራ ላስቲክ እርጥበትን በደንብ ሲይዝ ኦክሲጅንን ግን ቀስ እያለ ያሳልፋል። አየሩ ተመጥጦ በጠርሙስ የታሸገ ቅጠል ግን እንደታሸገ ነው የሚቀረው።

እንግዲህ ከኦርቲዝ ጋር የምንለያየው እዚህ ላይ ነው። ትዕግሥቱ የትምባሆ ባሕርይ አይደለም። ትዕግሥቱ የክምሩ ነው፤ ክምሩ እንዳያርር በየጊዜው አፍርሶ፣ የውስጡን ወደ ውጭ፣ የውጩን ወደ ውስጥ አድርጎ እንደገና የሚከምረው ሠራተኛ ነው። ኦርቲዝ ስለ ሠራተኛው አልጻፈም አላልኩም፤ ሲጋር ሲጠቀለል ጋዜጣና ልብ ወለድ ጮክ ብሎ ስለሚያነበው ሰው የጻፈው ዛሬም ያስደስታል። ነገር ግን ሙግቱ ዛፍና ቅጠልን ባለባሕርይ ስለሚያደርግ፣ ሰው በላቡ ያመጣውን ጠባይ ለተክሉ ይሰጠዋል። ስኳር ጨካኝ፣ ትምባሆ ጨዋ ይሆናል። የተሸጠው ባሪያ ግን በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ትምባሆ ነበር የሚያለማው! ያው ተክል፣ ሌላ የመሬት ሥሪት። ዛሬ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ደቡብ ለሚነዳ ሰው ጣውላቸው የተፈናጠቀ የትምባሆ ማድረቂያ ጎተራዎች ይታዩታል። ክፍለ ግዛቱ ከ2001 ጀምሮ ገበሬዎቹ ትምባሆ እንዲተዉ ገንዘብ ከፍሏቸዋል። ጎተራው አለ፣ የሚሰቅለው እጅ የለም።

በ1960 የኩባ ሲጋር ፋብሪካዎች ተወረሱ፣ በ1962 የአሜሪካ ማዕቀብ መጣ። ከዚያ በፊት ወደ ታምፓ መጋዘኖች የገባው ቅጠል «የቅድመ ማዕቀብ» እየተባለ ዋጋው በስሙ ብቻ ወጣ። አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ አንድ አዛውንት ኩባዊ ጡረታ ሲወጡ እንዲህ የተባለ ሲጋር አውጥተው ግማሹን ቆርጠው ሰጡኝ። አጨስነው። ጣዕሙ ያረጀ ካርቶን ነበር። «እንዴት ነው?» አሉኝ። «ግሩም ነው» አልኩ። እሳቸውም «አዎ፣ ግሩም ነው» አሉ፤ ሁለታችንም ዋሸን። እኔስ የ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባን እንደዚያው አሽጌ አልያዝኩም ወይ? ባለፈው ሄጄ ሰፈሬን ፈርሶ ሳገኘው የተናደድኩት ለሰፈሩ ሰዎች ነው ወይስ ለከረጢቴ?

ሌሎቹ ስደተኞች ቅጠሉን ሳይሆን ዘሩን ነው የያዙት። የኩባ ዘር በኒካራጓ ኤስቴሊ፣ በሆንዱራስ፣ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተዘራ። በሌላ አፈር ሌላ ጣዕም አወጣ፣ ግን በየዓመቱ ይታጨዳል፣ ይከመራል፣ ይገለበጣል። ይህ ቃል በቃል የኦርቲዝ ትራንስካልቸሬሽን ነው። የሚገርመው፣ የፈጠረው ቃል ሙግቱን ያፈርስበታል፤ ተክል አፈርና እጅ ሲቀየር ጠባዩ የሚቀየር ከሆነ አቶ ትምባሆ የሚባል ሰውዬ ከየት መጣ? ኦርቲዝ ራሱ የጠረጠረ ይመስላል። በሙግቱ ማብቂያ ካፒታል ትምባሆንም እንደ ስኳር እያደረገው መሆኑን አምኖ ሁለቱን እንደ ተረት ያጋባቸዋል፤ አልኮልም ልጃቸው ይሆናል።

መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ምክሬ፣ ከፊተኛው ሙግት ሳይሆን ብዙዎች ከሚዘሉት ከሁለተኛው ረጅም ክፍል እንዲጀምር ነው። ሰነዱ፣ ታሪኩና ያ ታላቅ ቃል ያሉት እዚያ ነው። ሙግቱን ከዚያ በኋላ፣ ለቋንቋው ውበት ሲል ያንብበው። የቀረኝን ቅጠል ከግድግዳው አርቄ፣ የእርጥበት መለኪያ ከትቼበት በእንጨት መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ዛሬ ጠዋት 62 በመቶ ይላል።