ስምንት እጅ፣ ሦስት መልክ

በኢንዶኔዥያ፣ በሱላዌሲ ደሴት ዳርቻ፣ ወንዝ ደለሉን ይዞ ባሕር በሚገባበት አካባቢ ወለሉ ጭቃና አመድማ አሸዋ ነው። ኮራል የለም፤ የሚሸሸጉበት ድንጋይም አይገኝም። ኦክቶፐስ ደግሞ አጥንትም ዛጎልም የሌለው፣ ሁለመናው ለስላሳ ሥጋ የሆነ ፍጡር ነው። ብዙዎቹ ኦክቶፐሶች ጉድጓድ ውስጥ ውለው ሲመሽ ሲወጡ፣ በዚህ ዳርቻ የሚኖረው አንዱ ዝርያ ግን በጠራራ ፀሐይ በዚያ ገላጣ ሜዳ ላይ ምግቡን ሲፈልግ ይውላል። ተመራማሪዎች የደረሱበት በ1998 እ.ኤ.አ. ነው፤ ታውሞክቶፐስ ሚሚከስ የሚለውን ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ2005 ነው። እጆቹን ዘርግቶ ቢለካ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው።

ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ መሄድ ሲያምረው ስምንቱን እጆቹን ወደ ኋላ ሰብስቦ ከሰውነቱ ጋር ያጣብቅና የቅጠል ቅርጽ ይይዛል። ከዚያም አሸዋውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ዳርና ዳሩን እያወዛወዘ ይቀዝፋል። ይህ ሶል የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ አካሄድ ነው፤ በዚያ አካባቢ ደግሞ ከሶል ወገን መርዘኞች አሉ። እኔ የምወደው ፍጥነቱን ነው። የዓሣውን ቅርጽ ብቻ ወስዶ ቢቀር ማንም ያውቅበት ነበር። እሱ ግን ርምጃውንም፣ ከወለሉ የሚርቅበትንም ልክ አብሮ ወስዷል።

ሁለተኛው መልኩ አንበሳ ዓሣ ነው፤ ከወለሉ ከፍ ብሎ እጆቹን ዙሪያውን በትኖ ሲዋኝ የዚያን ዓሣ መርዛም እሾህ ያስመስላል። እውነቱን ለመናገር ይህ ሥራው ከሶሉ ያንሳል፤ ቶሎ ያለቀ ይመስላል።

የእጁ ጥበብ የተገለጠበት ሦስተኛው ነው። ስድስት እጆቹን ከነሰውነቱ ጉድጓድ ውስጥ ይከትና የቀሩትን ሁለት በተቃራኒ አቅጣጫ ይዘረጋል። ነጭና ቡናማ ቀለበታቸው እየተፈራረቀ አሸዋው ላይ የተጋደመ የባሕር እባብ ይሆናሉ። መቼ እንደሚያደርገው ማየት ደግሞ ሌላ ደስታ ነው። በ2001 ጥናታቸውን ያሳተሙት ማርክ ኖርማንና ባልደረቦቹ የእባቡን መልክ ያዩት አራት ጊዜ ሲሆን፣ አራቱም ጊዜ ኦክቶፐሱን ያጠቁት ዳምሰል የሚባሉ ትናንሽ ዓሦች ነበሩ። የባሕር እባብ ደግሞ ዳምሰሎችን የሚበላ ጠላታቸው ነው። ካሉት መልኮች ሁሉ ዳምሰሎቹን የሚያስደነግጠውን መርጦ አወጣ ማለት ነው።

ማስመሰል በራሱ ብርቅ አይደለም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ዋልተር ቤትስ በአማዞን ደን ያጠናቸውን ቢራቢሮዎች ይዞ በ1862 ጉዳዩን ከተነተነ ወዲህ ምሳሌው በዝቷል። ፓፒሊዮ ዳርዳኑስ የተባለችው የአፍሪካ ቢራቢሮ በብዙ አገር ሴቶቿ የማይበሉ ቢራቢሮዎችን ይመስላሉ፤ በእኛ አገር ያሉት ግን አብዛኞቹ የወንዶቻቸውን መልክ እንደያዙ ናቸው። ሆኖም ቢራቢሮ የለበሰችውን ለብሳ ትሞታለች። ኦክቶፐሱ ግን ሲያሻው ይለብሳል፣ ሲያሻው ያወልቃል።

ይህን ያስቻለው ቆዳው ነው። ውስጡ እጅግ ብዙ ጥቃቅን የቀለም ከረጢቶች አሉ። የከበቧቸው ጡንቻዎች ሲስቧቸው ይዘረጉና ቀለማቸው ይደምቃል፤ ሲለቋቸው ተኮማትረው ነጥብ ይሆናሉ። ትእዛዙ ከአንጎል በነርቭ ስለሚወርድ ለውጡ ከአንድ ሰከንድ በታች ያልቃል። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ እስካሁን የተመረመሩት ኦክቶፐሶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ዓይናቸው ውስጥ ያለው ብርሃን ተቀባይ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ እኛ እንደምንለየው ቀለም አይለዩም። ክሩን ሳያይ ጥለት የሚያወጣ ሸማኔ እንደማለት ነው። ለዚህም ይመስለኛል የዚህ ኦክቶፐስ ትልቁ ሙያ ከቀለሙ ይልቅ በአቋሙና በአካሄዱ ላይ የሚታየው፤ ቀለበቱ ሦስቱንም መልክ ያገለግላል፣ የሚለወጠው የእጆቹ አቀማመጥ ነው።

አሥራ አምስትና ከዚያም በላይ እንስሳ ይመስላል የሚሉ አሉ። ጄሊፊሽ ነው፣ ሸርጣን ነው እየተባለ ዝርዝሩ ይረዝማል፤ አብዛኛው የተመልካቹ ምናብ የጨመረው ይመስለኛል። በጥንቃቄ የተመዘገቡት ሦስቱ ይበቁታል።

በ2011 በሱላዌሲው የሌምቤህ ሰርጥ በተቀረጸ ቪዲዮ ላይ ደግሞ አንድ ትንሽ ዓሣ በዚሁ ኦክቶፐስ እጆች መካከል ተደብቆ አብሮት ሲጓዝ ታይቷል። ዝንጉርጉሩ ከእጆቹ ጋር ስለሚመሳሰል ዓሣውን ለመለየት ያስቸግራል። ወገኑ ሌላ ጊዜ ከጉድጓዱ ብዙ የማይርቅ ዓሣ ነው።