የመምህራን «አመለካከት» እንዴት ይለካል? ስለ ፕላዝማ ትምህርት የቀረበ ሂስ

መምህራን በክፍል ውስጥ ዘመናዊ የትምህርት መሣሪያዎችን ስለ መጠቀም ያላቸውን አመለካከት የሚመረምሩ ጥናቶች በአብዛኛው አንድ መልክ አላቸው። ለመምህሩ መጠይቅ ይሰጠዋል፤ በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር አንጻር ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» ከሚደርሱት አምስት ደረጃዎች በአንዱ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ምልክቶቹም ወደ ቍጥር ተለውጠው አማካያቸው ይወጣል። አማካዩ ከፍ ካለ መምህሩ «አዎንታዊ»፣ ዝቅ ካለ «አሉታዊ» አመለካከት እንዳለው ይነገርና የሥልጠና አስፈላጊነት በመደምደሚያው ላይ ይሰፍራል። ሬንሲስ ሊከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ያቀረበው ይህ የመለኪያ ዘዴ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ሊነቀፍ የሚገባው፣ መሣሪያውን እንደ ፈቃዱ ለመጠቀምም ሆነ ለመተው የማይችለውን ሰው እንደሚችል አድርጎ መጠየቁ ነው።

ከእነዚህ መጠይቆች ብዙዎቹ የሚከተሉት ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳተመውን ንድፈ ሐሳብ ነው። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት አንድ ሰው አዲስ መሣሪያን የሚቀበለው ጠቃሚነቱንና ለአጠቃቀም ቀላል መሆኑን ባመነበት መጠን ነው። ንድፈ ሐሳቡ የተፈተነው በኮምፒውተር ፕሮግራም ተጠቃሚዎች ላይ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ተጠቃሚ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መሣሪያ የሚያበራውም የሚያጠፋውም ራሱ ነው። የኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ መምህር በ1997 ዓ.ም. ያጋጠመው ሁኔታ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነበር።

በዚያ ዓመት ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ፣ ሕዝቡ ከማሳያው ስም ወስዶ «ፕላዝማ» አለው። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁት ትምህርቶች በእንግሊዝኛ ቋንቋ ለመላው አገሪቱ በአንድ ጊዜ ይሰራጩ ነበር። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉን ማሳያው ሲወስድ፣ ለመምህሩ የቀሩት ለመግቢያና ለማጠቃለያ የሚሆኑ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ሥርጭቱን ማቆም፣ ወደ ኋላ መመለስ ወይም ማዘግየት አይቻልም። ከማሳያው ጥያቄ ይቀርባል፤ ተማሪዎች እንዲሠሩት ጥቂት ጊዜ ይሰጣል፤ ጊዜው ሲያልቅ የሠራውም ያልሠራውም መልሱን ይሰማል። መብራት የጠፋበት ትምህርት ቤት ደግሞ የዕለቱ ትምህርት ያመልጠዋል።

ለዕቅዱ መነሻ የሆነው ችግር ቀላል እንዳልነበረ ሊዘነጋ አይገባም። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ የተማሪው ቍጥር በፍጥነት ሲያድግ፣ በየትምህርቱ ዓይነት የሠለጠነ መምህርና የተሟላ ቤተ ሙከራ በዚያው ልክ አልተገኘም። ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት የሚያስተምር የኬሚስትሪ መምህር፣ ለዓመታት በቃል ብቻ ሲያስረዳ የኖረውን ሙከራ በማሳያው ላይ ሲያይ ጥቅሙን የሚክድበት ምክንያት የለውም።

እንግዲህ ይህ መምህር መጠይቁን ሲሞላ ምን ይሆናል? «ፕላዝማው ረቂቁን ነገር ግልጽ ያደርጋል» ለሚለው «በጣም እስማማለሁ» ይላል። «የፕላዝማው ፍጥነት ለተማሪዎቼ ተስማሚ ነው» ለሚለው ደግሞ «በጣም አልስማማም» ይላል። አንዱ መልስ አምስት፣ ሌላው አንድ ነው፤ አማካዩ ሦስት ይሆናል። ሦስት ማለት በመጠይቁ ቋንቋ «ለመወሰን እቸገራለሁ» ማለት ነው። በሁለቱም ጕዳዮች ቍርጥ ያለ ፍርድ የሰጠው መምህር ወላዋይ ሆኖ ይመዘገባል፤ ነገሩ ግድ ሳይሰጠው ሁሉንም መካከለኛ ምልክት አድርጎ ከመለሰው ባልደረባውም የሚለይበት የለም። ጥንቁቅ አጥኚ ዐረፍተ ነገሮቹን በየዘርፋቸው ለይቶ ያሰላቸው ይሆናል፤ ይህ ይሻላል። ይሁን እንጂ መደምደሚያው ላይ ሲደረስ ዘርፎቹ ተመልሰው «አመለካከት» በሚለው በአንድ ቃል ሥር ይጠቃለላሉ፤ መድኃኒቱም ሥልጠና ይሆናል። ሥልጠናው መሣሪያው እንዴት እንደሚበራና እንደሚስተካከል የሚያስረዳ ከሆነ፣ መምህሩ እሱን ቀድሞውንም ያውቀዋል።

መምህሩ በተግባር የሚያደርገው ከመጠይቁ የበለጠ ይናገራል። ሥርጭቱ እየተካሄደ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ዋና ዋናውን ነጥብ የሚጽፍ፣ በቀሩት ደቂቃዎችም ያለፈውን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ባጭሩ የሚያስረዳ መምህር ከመመሪያው ወጥቷል ሊባል ይችላል። ነገር ግን ይህ መምህር መሣሪያውን አልተቃወመም፤ መሣሪያው የጣለውን እያነሣ ነው።

የዚህ ክርክር አባት ሊባል የሚችለው አሜሪካዊው ላሪ ኩባን እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከ1920 ጀምሮ ፊልም፣ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር ወደ አሜሪካ ክፍሎች የገቡበትን ታሪክ መርምሯል። እያንዳንዱ መሣሪያ በታላቅ ተስፋ መጥቶ በመምህራን እጅ በጥቂቱ ብቻ ሲሠራበት ቆየ። ኩባን ይህን ከግትርነት አልቈጠረውም፤ ብዙ ተማሪ፣ አጭር ጊዜ፣ መጠበቅ ያለበት ሥርዓትና መሸፈን ያለበት ትምህርት ያለበት ሰው የሚያደርገው ምርጫ ነው ይላል። የመጽሐፉ ጕድለት ግን መራጩን መምህር ዋና ባለታሪክ ማድረጉ ነው። ያ መምህር በሩን ዘግቶ ቴሌቪዥኑን ሊያጠፋ ይችላል። ለኢትዮጵያው ጕዳይ የሚቀርበው፣ ኩባን ራሱ የሚተርከው የአሜሪካ ሳሞአ ታሪክ ነው። በዚያ እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የቴሌቪዥን ትምህርት የክፍሉን ሥራ በስቱዲዮ መምህር ላይ አቆመ። በተለይ በከፍተኛ ክፍሎች የሚያስተምሩ መምህራን ሥርጭቱ እንዲቀነስ ፈለጉ፤ ከጊዜ በኋላም ቴሌቪዥኑ ከዋና አስተማሪነት ወደ ረዳትነት ወረደ።

ዛሬ ያው የኬሚስትሪ ሙከራ በቪዲዮ ተቀድቶ በመምህሩ እጅ ቢገባ፣ መምህሩ ከመፈንዳቱ በፊት አቁሞ «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ብሎ ሊጠይቅበት ይችላል። የተለመደው መጠይቅ ይህንና የ1997 ዓ.ም.ን ሥርጭት «ቴክኖሎጂ» በሚል አንድ ስም ይጠራቸዋል። አጥኚው ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ መምህሩ ስንት ጊዜ እንዳቆመ፣ የት ላይ እንዳቆመ፣ ሲያቆምም በየትኛው ቋንቋ እንደ ተናገረ ቢመዘግብ፣ መጠይቁ የሚያዳፍነውን ልዩነት በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሊያገኘው ይችላል።