እንባና ስለት

በጉባኤ ጸሎት ጊዜ የሚታየው እንባ ነቃፊዎች አላጣም። ነቀፌታውም የታወቀ ነው፤ ይኸውም ከቅጥሩ በር ሲወጡ የሚደርቅ እንባ ከልብ የመነጨ አይደለም የሚል ነው። እኛ ይህን ፍርድ ለመቀበል እንቸገራለን። ደስታም ኀዘንም ፍርሃትም ያልፋሉ፤ በማለፋቸው ብቻ ሐሰት ከተባሉ በሰው ልብ ውስጥ እውነተኛ ነገር ከቶ አይገኝም።

ለዚህ ነገር በአዲስ አበባ የልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጥሩ ማስረጃ ትሆነናለች። ግንቦት 1 ቀን በዓሏን ለማክበር ከሚመጣው ሕዝብ መካከል ባለስለቶች አሉ። ስለት የሚሳሉት በጭንቅ ሰዓት ነው፤ ልጅ ሲታመም፥ ምጥ ሲጠና፥ የራቀ ዘመድ ወሬው ሲጠፋ። የሚያገቡት ግን ጭንቁ ካለፈ በኋላ ነው። ጥላ ወይም መጋረጃ ይዛ የመጣችው እናት ልጇ ድኖ እደጅ ይሮጥላታል፤ ያን ሌሊት ያስለቀሳት ፍርሃት ዛሬ የለባትም። ምናልባትም ጥላውን የገዛችው በዋጋው ውድነት እየተማረረች ይሆናል፤ ይህም አያስነቅፋትም። ስለቷ በዐውደ ምሕረት ሲነገር የማያውቃት ሕዝብ እልል ይልላታል። አባቶቻችን ስሜት እንደሚያልፍ ዐውቀው በቃል አሰሩት፤ ቃሉም ስሜቱ ከበረደ በኋላ ይፈጸማል። እኛ ቅንነት የምንለው ይህን ነው።

እንዲህ ያለው ጥንቃቄ በሥርዓቱም ውስጥ አለ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮና ጸናጽል ይቀራሉ፤ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ይዘመማል። ሕዝቡን የሚያሞቀው ነገር ቢነሣም ጸሎቱ አይቋረጥም። አውግስጢኖስም በ4ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ገደማ በጻፈው «ኑዛዜ» ከቃሉ ይልቅ ዜማው ልቡን ሲነካው እንደ በደል ቈጥሮታል፤ ሆኖም ዜማው ከቤተ ክርስቲያን ይውጣ አላለም።

እንግዲህ የእኛ ነቀፌታ በአልቃሹ ላይ አይደለም፤ ድምፅ ማጉያ ጨብጦ ሕዝቡን «አልቅሱ» ብሎ በሚያዝዘው ላይ ነው። ይህ ልማድ በአዳራሽም በዐውደ ምሕረትም ይታያል። ትእዛዙ በተሰጠ ጊዜ እንባ ያልመጣለት ሰው ሁለት መንገድ ብቻ ይቀረዋል፤ ወይ ዓይኑን በነጠላው ሸፍኖ ያስመስላል፥ ወይ እምነት የጐደለው ተብሎ ይታማል። በቅንነት ዝም ብሎ የቆመውን ሰው አስመሳይ ያደረገው ትእዛዙ ነው።

በደርግ ዘመን ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ብዙ የወንጌላውያን አዳራሾች ተዘግተው ነበር። ምእመናኑም በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ተሰበሰቡ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ መዝሙሩን በሹክሹክታ ዘመሩ። ዛሬ ጩኸት የሌለበትን ጸሎት ቀዝቃዛ ነው የሚሉ ሰባክያን ያንን ጸሎት ምን ብለው እንደሚጠሩት ብንሰማ ደስ ይለናል።